ቀን የሚፈታ ማሰሪያ

አማርኛችን «ማሰር»ን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ሌባ እናስራለን፣ ነዶ እናስራለን፣ ቀለበትም እናስራለን። «መፍታት»ም የዋዛ አይደለም፤ እስረኛም፣ ሕልምም፣ ትዳርም ይፈታል። ኦሮምኛው ደግሞ ይኸው ጣጣ ስላለበት፣ እኛ ነቀምቴዎች በሁለት ቋንቋ ነው የምንሳሳተው።

የጎረቤቴ ልጅ ሲፈን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ ቅጠል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን ታጠናለች። የምትወደው ገመቹን ነው፤ አባቱ ኦቦ ተሬሳ፣ አቶ ተሬሳ እንደማለት፣ ቢላ ከሚባለው አገራቸው ሽማግሌ ልከው «ልጅቷን ወደናታል፤ ቀለበቱ ከታሰረ በኋላ ግን ትምህርቱ ይበቃታል» አሉ። ገመቹንም ትወዳለች፣ ጥናቷንም ትወዳለች። አንዱን ምረጪ መባሏ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሷ ይልቅ እኔን አንገብግቦኛል።

ኦቦ ተሬሳ ቁርጡን ሊሰሙ በመጡበት ቅዳሜ ሲፈን እኔን አስቀምጣ ለፈተናዋ ትለማመድ ነበር። «ባርሲሳ» ትለኛለች፣ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ ያስተማርኩት ግን አማርኛ እንጂ ሳይንስ አይደለም።

«ጨለማ ሲሆን ኢንዛይሙ ላይ ያሉ ሁለት የድኝ አተሞች ይያያዛሉ፤ ማሰሪያው ዳይሰልፋይድ ቦንድ ይባላል» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሲታሰር ሥራ ያቆማል! ሲፈታ ይሠራል!»

ሰውየው ከአንድ ሽማግሌ ጋር በር ላይ የደረሱት እዚህች ላይ ነው።

«አካም፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ አሉ ሰላምታውን እንደ ነገሩ አድርሰው። ፊታቸው ጠቁሯል። «ገና ቀለበቱን ሳታስሪ ስለ መፍታት ትሰብኪያለሽ?»

ላስረዳ ብድግ ስል ሲፈን ቀደመችኝ። ወንበር ሳበችላቸውና ምንም ሳትደናገጥ፣ «ስለ ቅጠል ነው፣ ኦቦ። የእርስዎም ቡና እንዲሁ ነው። ማታ የሚታሰረው ጉልበቱ በከንቱ እንዳይባክን ነው። ቀን ካልተፈታ ግን ምግቡን አይሠራም፤ ይራባል» አለቻቸው።

ሰውየው ቡና ገበሬ ናቸውና የቡናቸው ነገር ሲነሳ ቁጣቸውን ረሱት።

«ቡናዬ ታስሮ ነው የሚያድረው?»

«ብዙው ኢንዛይሙ፣ አዎ።»

«ጠዋት ማን ይፈታዋል?»

«ፀሐይ።»

«አንቺንስ?»

«እኔንማ እርስዎ ነዎት» አለች።

ሰውየው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲያዟዙሩት ቆዩና «እንግዲህ ማታ ትታሰር፣ ቀን ትፈታ!» ብለው ፈረዱ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። እኔ ግን በደስታ እንባዬ መጣ።

ቀለበቱ ታሰረ፣ ጥናቱም ቀጠለ። ችግር የገጠመው ገመቹ ብቻ ነው፤ ቀን ቢደውል ቢደውል ስልኩን የሚያነሳለት የለም። ባለፈው መሮት ለአባቱ ስሞታ ቢያቀርብ ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ፀሐይዋ መች ጠለቀች?»