ፖኒማን ልቡን የት ጣለው?

ሰማንያ ስምንት ላይ ነበር መሰለኝ። ወይስ ሰማንያ ዘጠኝ? የዝናቡ ወር እንደነበር ባስታውስም እሱንም አልምልበትም። ጠዋት መሆኑን ግን አልረሳሁም። ክላተን ከተማ አጠገብ፣ በመንደራችን ጤና ጣቢያ፣ ሳል ይዞኝ ወረፋ እጠብቃለሁ። ከፊቴ ዳክዬ አርቢው ፖኒማን አለ። ከጠረጴዛው ወዲያ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ድሬሰር፣ ፓክ ዳርሶኖ፤ «ፓክ» እኛ ጋ «ጋሼ» እንደማለት ነው። ያለ እሱ ማህተም የሶሎ ከተማ ሆስፒታል ሰው አይቀበልም።

ዳርሶኖ፦ ለታላቅ ሰው በግራ እጅ ወረቀት ይሰጣል? እናትህ አላሳደገችህም?

ፖኒማን፦ ይቅርታ ፓክ። ቀኜ ሆዴን ይዟል። ከለቀቀው ሆዴ የሚወድቅ ነው የሚመስለኝ።

ዳርሶኖ፦ የቱ ጋ ነው?

ፖኒማን፦ እዚህ፣ በግራ፣ ከታች። [ጎንበስ ይላል] ትርፍ አንጀቴ ነው፤ ሆስፒታል ይላኩኝ።

ዳርሶኖ፦ [እየሳቀ] ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው፣ አንተ! በግራ የሚወጋህ ንፋስ ነው። ንፋስ ገብቶብሃል። ሚስትህ ዘይት ቀብታ ጀርባህን በሳንቲም ትፋቅልህ።

ፖኒማን፦ ፋቀችኝ እኮ። ጀርባዬ የታረሰ ማሳ መስሏል።

ዳርሶኖ፦ አፋፋቅ አታውቅማ!

ፖኒማን፦ ፓክ፣ የእኔ ሆድ ዕቃ ከተወለድኩ ጀምሮ ተገልብጦ ነው ያለው። ልቤ በቀኝ፣ ጉበቴ በግራ። የሶሎው ሐኪም «ትርፍ አንጀት ካመመህም በግራ ነው የሚያምህ» ብሎኛል።

ዳርሶኖ፦ ልብ በቀኝ! እስቲ ሸሚዝህን ክፈት። [ማዳመጫውን በግራ ደረቱ ላይ ያሳርፋል። መታ መታ አድርጎ ደግሞ ያሳርፋል።]

ፖኒማን፦ ወደዚህ ቢያመጡት...

ዳርሶኖ፦ ዝም በል! ማዳመጫው ተበላሽቶ ነው።

ፖኒማን፦ ራጅም ይዣለሁ። [ከካኪ ፖስታ ያወጣል]

ዳርሶኖ፦ [ወደ መስኮቱ አንስቶ] ይኸው! ልብህ በግራ!

ፖኒማን፦ ገልብጠው ይዘውት ነው፣ ፓክ። ራጁ ላይ የተጻፈው ስሜም እኮ ተገልብጧል።

ዳርሶኖ፦ የገለበጠውስ አንሺው ነው፤ እኔ አቃናሁልህ። አምና ወደ ሶሎ ስልክህም ወረቀትህ ላይ አቃንቼልህ ነበር።

ፖኒማን፦ [ላቡን እየጠረገ] ፓክ፣ ከፈነዳ እሞታለሁ። አምስት ልጆች አሉኝ።

ዳርሶኖ፦ ብትሞትም በንፋስ ነው የምትሞተው። ቅጹን ተመልከት፤ «ትርፍ አንጀት፦ በስተቀኝ» ይላል። በግራ ለሚያመው ሰው መጻፊያ ቦታ የለውም።

[ፖኒማን ቅጹን ትክ ብሎ ያያል። ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ከግራ ጎኑ ወደ ቀኝ ጎኑ ያዛውራል።]

ፖኒማን፦ ውይ! ለካ በቀኝ ነው።

ዳርሶኖ፦ አላልኩህም?

ፖኒማን፦ እኔ ደንቆሮው! ከዳክዬ ጋር ውዬ የማድር ሰው፣ ምኑን አውቄው።

ዳርሶኖ፦ ልብህስ?

ፖኒማን፦ በግራ። ልክ እንደ እርስዎ።

ዳርሶኖ፦ [ወደ እኔ ዞሮ] አየህ መምህር? ሕዝቡ ካላስተማርከው የገዛ ሆዱን አያውቅም! [ይጽፋል፤ ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ያሳርፋል] ትርፍ አንጀት፣ በቀኝ፣ አስቸኳይ። እንካ፣ ሩጥ! ለሐኪሙም በቀኝ መሆኑን ንገረው፤ ደግሞ በግራ ነው ብለህ እንዳታሳስተው!

ፖኒማን፦ [ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ] እሱን እንኳ መንገር አያስፈልግም፣ ፓክ። አምና ሲያየኝ ሆዴን አውቆታል። «አንተ ብቻ ማህተሙን ይዘህ ድረስልኝ፤ ድሬሰሩ ደስ ያለውን ይጻፍ፣ እኔ የምቀደው በግራ ነው» ብሎኛል። ዕድሜ ይስጥዎ!

[እየተጣደፈ ይወጣል።]

ሳሌን ረስቼ ብድግ አልኩ። እንዲህ ሞኝ እየመሰለ ስንቱን ሹም እንዳለፈ ልጠይቀው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ፖኒማን ከጎረቤቱ ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጥጧል። ግራ ጎኑን በሁለት እጁ ደግፎ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መሃል ወደ ሶሎ እየራቀ ነበር።