የፍል ውሃው ገንዘብ ሚኒስትር

በደሴት አገራችን ዋና ከተማ በሬይክያቪክ፣ መዋኛው ሁሉ ፍል ውሃ ገንዳ አለው፤ ገንዳው ሁሉ ደግሞ ማንም ያልሾመው የገንዘብ ሚኒስትር አለው። የእኛ ሰፈር ሚኒስትር ክቡር ሆስኩልዱር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ውሃው አገጫቸው ድረስ፣ የሱፍ ኮፍያቸው ቅንድባቸው ድረስ ነው። በሰላምታ ፈንታ «ጃፓኖቹ ምን አሉ?» ይላሉ።

ስለ ዓሣ ቢያወሯቸው ወደ ወለድ ይወስዱታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን የልጅ ስም ልታማክረን ብትመጣ፣ ክቡርነታቸው የስዊዞችን ወለድ ከሥሩ አስረዷት። ሴትዮዋ ገንዳ ቀየረች።

ትምህርታቸው አንድ ነው። «ማዕከላዊ ባንካችን ብድር እንዲቀዘቅዝ ወለድ ይጨምራል። ባንኮቻችን ደግሞ ከውጭ በርካሽ ተበድረው በጃፓን የን ያበድሩናል። ታዲያ እዚህ አገር ብድር የሚያሞቀው ማነው? ቶኪዮ ነው። ገንዘባችን ክሮና የወደቀች ቀን ግን ዕዳው በእኛ ላይ ያብጣል።» እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን የን እንመኛለን።

በፈረንጆቹ 2008 መጋቢት ላይ፣ የበረዶው ወቅት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ዓርብ፣ የቤቴን ብድር ወደ የን ላዞር ባንክ ቀጠሮ ነበረኝ። በመንገዴ ገንዳው ጎራ አልኩና አፌ አላርፍ ብሎ ለክቡርነታቸው ነገርኳቸው።

«ተቀመጥ አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ሃምሳ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ልነሳ ስል ክንዴን ይይዛሉ። ገብቶኛል ስላቸው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ስወጣ ባንኩ ተዘግቷል። ቤቴ እስክደርስ በሆዴ ስረግማቸው ሄድኩ።

ሰኞ ክሮናችን ማሽቆልቆል ጀመረች፤ ፈራሁና ተውኩት። በመጸው ጨርሳ ስትወድቅ የን የተበደረው ሰው ዕዳ እጥፍ ሆነ፤ ቤቱን የለቀቀ ብዙ ነው።

ላመሰግናቸው ሩባርብ የሚባለው ጎምዛዛ ተክል የገባበት ኬክ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ሶልቬይግ ዕቃ በካርቶን እያሸገች ነበር።

«እሱም እኮ የየን ብድር ፈርሞ ነበር» አለችኝ። «ካንተ ቀጠሮ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሮ ነዋ። ያን ዓርብ የገንዳው ሙቀት አዙሮት እየተንገዳገደ ገባና ‹ዛሬስ አንድ ሰው አስቀረሁ› ብሎኝ ተኛ።»

ኬኩን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ።

ቤታቸውን ካጡ ወዲህ ሁለቱም በእኛ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ። ገና ሳይነጋ ድምፃቸው ከሥር ይመጣል፤ ክቡርነታቸው ለሶልቬይግ ስለ ፍራንክፈርት ባንኮች ወለድ ያስረዳሉ። ሚስቴ ድምፅ የሚያፍን ምንጣፍ እንግዛ ትለኛለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ልገዛ አልሄድኩም።