ከስፓኒሽ ወደ ሆላንድኛ፣ በሱሉልታ በኩል

«አላውቅም» የሚል ሰው ሰበታ ውስጥ ካገኛችሁ በሞቴ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ! እኛ ዘንድ መንገድ የተጠየቀ ሰው ባያውቀውም በእጁ ያሳያል። እኔ ራሴ፣ የአንድ አበባ እርሻ ሠራተኛ ቀጣሪው፣ ከሁሉም የባስኩ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የአበባ ማቀዝቀዣችን ቀጥ አለ። እስከ ማታ ካልተነሣ ጽጌረዳው ሁሉ የበግ ቀለብ ሊሆን ነው! የማሽኑ መመሪያ በስፓኒሽ፤ በስልክ የሚረዳን መሐንዲስ ደግሞ ሆላንድ ተቀምጦ «በቋንቋዬ ላኩልኝ» ባይ። የስልኬን ተርጓሚ ብንሞክረው «ሽቦውን አብስሉት» አለን... ተውነው።

«ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ከስፓኒሽ ወደ ሆላንድኛ የሚተረጉም ሰው ታገኛለህ?» አለኝ ሆላንዳዊው ሥራ አስኪያጅ።

«ሞልቷል!» አልኩት። ምላስ አጥንት የለውም አይደል?

ቡራዩ ላሉት ደላላ፣ ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ።

«ጅራ! አለ እንጂ! የስፓኒሹም የሆላንድኛውም አሉ!» አሉኝ።

በረርኩ። የስፓኒሹ አዋቂ የስፔን ኳስ አንድም ጨዋታ የማያመልጠው ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። ሆላንድኛ ይችላሉ የተባሉትን ሰውዬ ፍለጋ ሱሉልታ ድረስ ወጣሁ። ለካስ ስድስት የሆላንድ ላሞች አሏቸው! እሳቸውም ላሞቹን የሚያናግሩት በኦሮምኛ ነው። እርጎ ጋብዘውኝ ተመለስኩ... እርጎው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኜ የእርሻው በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃችን ጋሽ ታደሰ አዩኝ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

ነገርኳቸው። ሣቁ።

«ስፓኒሽ? እኔ እችላለሁ እኮ! ኩባ ነው ያደግኩት። የተማርኩትም ኤሌክትሪክ ነው።»

«እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስትቀጥረኝ ነግሬህ ነበር! ‹የፎርሙ የቋንቋ ቦታ ሁለት መስመር ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ይበቃል› አልከኝ።»

አፈርኩ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ጋሽ ታደሰ መመሪያውን አነበቡ፣ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ሣጥን ከፈቱ፣ የተቃጠለውን ዕቃ ነቅለው ሌላ ተኩ። ማቀዝቀዣው አጓራ! ሆላንድኛው ሳያስፈልገን ጽጌረዳው ለማታው አውሮፕላን ደረሰ።

በማግሥቱ ፎርማቸው ላይ ሦስተኛ መስመር አሥምሬ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት።

«ስታሠምር አራተኛም ጨምር» አሉኝ፤ «ከሥራ አስኪያጁ ጋር ዛሬ ጠዋት ሆላንድኛ ጀምረናል።»