የጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያ ምሩቅ

ጠላት ከወጣ በኋላ አራዳ ላይ ከተቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት ላልቻሉ ሕፃናት የልዩ ትምህርት ማደራጃ ጽሕፈት ቤት»ን በትጋት የሚወዳደረው አልነበረም። የስሙ ሰሌዳ ብቻ ሦስት ሰው ከዝናብ ያስጠልላል። የጎደለው ትምህርት ቤቱ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥናት ላይ ነበር።

በርበሬ ሻጯ ከሪማ የአሥር ዓመት ልጇን ዐፊፋን አዝላ እዚህ ደጅ ደረሰች። ዐፊፋ አንድ እግሯ አይታዘዝላትም። የሰፈራቸው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀጥ ብላ መሰለፍ የማትችል ልጅ ፊደል ልትቆጥር እንደማይገባት በትሕትና አስረድተዋል።

የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ አርአያ ከወንበራቸው ሳይነሱ አዘኑላት።

«ትምህርት ቤት አለመግባቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ አምጪ።»

«ጠይቄያቸው ነበር፣ ጌታዬ። ተማሪያችን ላልሆነች ልጅ ደብዳቤ አንጽፍም አሉኝ።»

«ልክ ናቸው፤ ደንብ ነው። እንግዲህ ሰኞ ተመለሺ።»

ያች ሰኞ ሁለት ዓመት ፈጀች። ከሪማ ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያዋ ስትሄድ፣ ሹሙ ድንገት ቢጠሯት ብላ ልጇን በሩ አጠገብ ማመልከቻ ከሚጽፈው ከካላዩ ዘንድ ታስቀምጣለች። ካላዩ ደንበኛ ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይወድም፤ በተበላሸ ማመልከቻ ጀርባ ላይ ፊደል ያስቆጥራት ጀመር። ደጅ የሚጠኑ ሌሎች ወላጆችም ልጆቻቸውን አመጡ። ሰባት ሆኑ።

በመጨረሻም ዐፊፋ ማመልከቻዋን ራሷ ጻፈች። አቶ አርአያ አንብበው ተደነቁ።

«ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምን ቀረሽ?» አሉና መዝገቡ ላይ ማኅተም አሳረፉ። «ጽሕፈት ቤታችን የመጀመሪያ ምሩቁን አፈራ!»

ልጇን አዝላ የገባችው የከሪማ ደም ፈላ። «ኧረ በአላህ! መደመር እንኳ አታውቅም እኮ! ሐኪም እሆናለሁ እያለች ነው የምታድረው።»

«የምትጽፍን ልጅ አልተማረችም ብዬ ልዋሽ? ለመሆኑ ማን አስተማራት?»

ከሪማ የዋህ ናት። ካላዩ ይመስገንልኝ ብላ በመስኮቱ በኩል ጠቆመቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው የካላዩን ጠረጴዛ አንስቶ ሰባቱንም ልጆች በተናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማስተማር ክልክል ነውና። ዐፊፋ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ትምህርት ቤት እንዲከፍት የተቋቋመው ጽሕፈት ቤትም በዚያ ቀን፣ ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ትምህርት ቤት ዘጋ።