አቶ መርጋ የአለእኩልነትን ምልክት ያዞሩበት ዜና

የአዳማ ነፋስ የሱቁን ታፔላ ሁለት ጊዜ ጥሎ ሁለት ጊዜ በተሰቀለበት ዓመት፣ ሀሴት ወለተ መርጋ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዘመን፣ በወርኃ ኅዳር፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ የፍሬን ሸራ ሊቁ፣ የሰፈሩ ዕድር ሊቀ መንበር ክቡር አቶ መርጋ የፈጸሙት ሥራ ይህ ነው።

በዚያ ወራት የሂሳብ መምህርቷ ዘርፉ ለተማሪዎቿ የቤት ሥራ ሰጠች፤ ስሙም አለእኩልነት ይባላል። ሀሴትም ተጨነቀች፤ ከሂሳብ ጋር ከታረቀች ገና ወር አልሞላትም ነበርና። አባቷም ከሱቅ ገብተው፣ ጭንቀቷን አይተው፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ አጠገቧ ተቀመጡ። ጥያቄው 7 − 2x ≤ 15 ይላል። ሰባቱን ወደ ማዶ አሻገሩት፤ በግራ ነጌቲቭ ሁለት ኤክስ፣ በቀኝ ስምንት ቀረ። ሁለቱንም ወገን ለነጌቲቭ ሁለት አካፈሉ፤ ምልክቱን ግን እንዳለ ተዉት። «ኤክስ ከነጌቲቭ አራት ያንሳል ወይም እኩል ነው» ብለውም ፈረዱ።

«አባዬ፣ መምህርት ስለ ምልክቱ የሆነ ነገር ያለች መሰለኝ» አለች ሀሴት።

«እኔ እያለሁ አትጠራጠሪ ልጄ» አሉ። እሷም አመነቻቸው።

በማግሥቱ ሀሴት ወደ ሰሌዳው ተጠርታ ያንኑ ጻፈች። መምህርቷ ተሳስተሻል፣ ምልክቱ መዞር ነበረበት ብትላት፣ «አባቴ ነው የሠራው፣ ልክ ነው» ብላ ጸናች፤ ክፍሉም በሳቅ ተናወጠ። ለምሳ ቤት ስትገባ እህል አልቀመሰችም። ለእናቷ ለወይዘሮ ልዩ ብቻ የሆነውን ነግራ፣ «ሂሳብ በቃኝ፤ ሁለተኛ እጄን አላወጣም» ብላ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች።

ወይዘሮ ልዩ ወሬውን ወደ ሱቅ ባደረሱ ጊዜ አቶ መርጋ በቆሙበት በቁጣ ቀሉ፤ ብሎን ሊገዛ በመጣው ሰው ሁሉ ፊትም እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ አሰማ። ልጄን ያሳፈረ እኔን አሳፈረ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ብሎን የፈለገ ነገ ይምጣ።»

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር። በፊት የባጃጅ ነጂው ጂብሪል፣ ጉድጓድ የማይመልሰው፤ በቀኝ የወይዘሮ ልዩ ወንድም አስፋው፣ ስለማያውቀው ነገር ሁሉ የሚከራከር፤ በግራ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ፣ ማበጠሪያውን ፀጉሩ ላይ እንደሰካ፣ ወሬ እንዳያመልጠው የዘመተ፤ በስተኋላ አቧራ። በትምህርት ቤቱ በር ዘበኛው ሰንበታ «አካም ኦልታኒ» ብሎ በፈገግታ ቢቀበላቸው፣ ቁጣቸውን ለሰላምታው ያህል አቁመው፣ መልሰው አንሥተውት ገቡ።

መምህርት ዘርፉ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ሀሴትም በኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ጦርነቱን የጀመረው አስፋው ነው፦ «ምልክት ምልክት ነው። ማን ነው እሱ የሚያዞረው?»

መምህርቷ አልተቆጣችም። ለአቶ መርጋ ጠመኔ ሰጠቻቸውና፣ «በኤክስ ቦታ ዜሮን ያስገቡልኝ» አለቻቸው።

አስገቡ። ሁለት ጊዜ ዜሮ ዜሮ፤ ከሰባት ዜሮ ሲቀነስ ሰባት፤ ሰባትም ከአሥራ አምስት ያንሳል።

«እውነት ሆነ አይደል? ስለዚህ ዜሮ ከመልሱ ውስጥ መገኘት አለበት። በእርስዎ መልስ ግን ዜሮ ከነጌቲቭ አራት ማነስ ሊኖርበት ነው። ያንሳል?»

አቶ መርጋ የጻፉትን ዳግም አነበቡ። አስፋው ስልኩ የጠራ አስመስሎ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩም ደንበኛ እንደቀጠረ ትዝ አለው። በሩ ክፍት ነበር፤ ባጃጁም ሞተሩን አላጠፋም። ጠመኔው በላባቸው ራሰ። የልጃቸውን አናት አዩ፤ ቀና አላለችም።

ይሁንና አልሸሹም። «ለምንድን ነው የሚዞረው? ያስረዱኝ» አሉ።

«ሁለት ከአምስት ያንሳል?»

«ያንሳል።»

«ሁለቱንም በነጌቲቭ አንድ ያባዟቸው። አሁን የትኛው ያንሳል?»

ነጌቲቭ ሁለት፣ ነጌቲቭ አምስት ብለው ጻፉና ሁለቱን አስተያዩ። «አምስቱ። ነጌቲቭ አምስት ያንሳል። ትልቅ የነበረው ትንሽ ሆነ።»

«በነጌቲቭ ስናባዛም ስናካፍልም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ምልክቱም አብሮ የሚዞረው ለዚህ ነው።»

ያን ጊዜ አቶ መርጋ የቀድሞ ፍርዳቸውን በመዳፋቸው ደመሰሱ፤ ምልክቱንም አዙረው x ≥ −4 ብለው ጻፉ። የኤክስም ግዛት ከነጌቲቭ አራት፣ ነጌቲቭ አራትን ራሱን ጨምሮ፣ በስተቀኝ ዳርቻ እስከሌለው ድረስ ሆነ። ወደ ተማሪዎቹም ዞረው ሁለተኛውን አዋጅ ነገሩ፦ «የዘጠነኛ ክፍል ሰዎች ሆይ፣ ስሙ። ስህተቱ የእኔ ነው። የሀሴት ጥፋት አባቷን ማመኗ ብቻ ነው። መሳቅ የፈለገ በእኔ ይሳቅ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ተማሪ ማጨብጨብ ጀምሮ፣ የሚከተለው ሲያጣ አቆመ። ሀሴት ግን ቀና ብላ ነበር።

ከትምህርት ሲወጡ አባትና ልጅ በእግር አዘገሙ። «ያን ሁሉ ሰው ይዘህ መምጣትህ ግን ደስ አላለኝም» አለች።

«ልክ ነሽ» አሉ።

አመሻሹ ላይ ሀሴት ደብተሯን ዘረጋች፤ አቶ መርጋም ብርቱካን እየላጡ አጠገቧ ተቀመጡ፤ አፋቸውንም አልከፈቱ፤ ይህም ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ለነጌቲቭ ሦስት የምታካፍልበት ቦታ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። አባቷን አላየችም። ምልክቱን ራሷ አዞረችው፤ እጇንም ወደ ብርቱካኑ ዘረጋች።

ክብር ለአቶ መርጋ ይሁን፤ በቁጣ ዘምተው ተምረው ለተመለሱት፣ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ለተረቱትና ለልጃቸው ላሸነፉት። ስማቸው በመለዋወጫ ተራ ከፍ ይበል፤ ብርቱካናቸውም ፍሬ የማያስተፋ ጣፋጭ ይሁን።