ባለ አንድ ጭረት

በዚህች ከተማ ያልተመደበ ሰው የለም። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ ጥግ አንድ መዳቢ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ደረጃ ይሰጣል። የሻይ ደረጃ፣ የጫማ ደረጃ፣ የቄስ ድምፅ ደረጃ፣ የሰው ምራት ደረጃ። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። እናንተም አንድ መዳቢ እንደምታውቁ አልጠራጠርም። ምናልባት አሁንም ከአጠገባችሁ ተቀምጦ አነባበባችሁን እየመደበ ይሆናል።

የእኔው መዳቢ ክቡር ጋሼ ኃይለመለኮት ናቸው፣ የመርካቶ የሽታ ጠቅላይ ዳኛ። ጎጃም በረንዳ ጫፍ ላይ፣ በጆንያ ክምርና በጋሪ ሰልፍ መካከል የተወሸቀች፣ ጠረጴዛዎቿ የሚያነክሱ ግሮሰሪ አለቻቸው። እሷን ከመክፈታቸው በፊት ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ መቀመሚያ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። አፍንጫቸው ግን ደብዳቤው አልደረሰውም፤ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

አመዳደባቸውን ካልነገርኳችሁ ቁጣዬ አይገባችሁም። ጋሼ በወጣትነታቸው ከካሪቢያን ደሴቶች ከመጣ አንድ ባለሙያ ጋር ሠርተዋል። በዚያ አገር ሩም የሚባለው መጠጥ የሚወጣው ስኳር ተመርቶ ሲያበቃ ከሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ነው። ታዲያ ፋብሪካዎቹ ሩማቸውን ሲለዩ የሚያዩት የሚያሰክርበትን ኃይል ሳይሆን የመዓዛውን ጉልበት ነው። ቶሎ ተብላልቶ ቶሎ የተጣራው መዓዛው ቀጭን ይሆናል። የሰነበተው ይወፍራል፤ የባሰ የሰነበተው ደግሞ የባሰ ይወፍራል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንዱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የበሰበሰ ሙዝና የጫማ ማስቲሽ አንድ ላይ ይሸታል፤ በመለኪያ ቀድቶ የሚጠጣው ደፋር አልተወለደም። ከእሱ ጠብታ ብቻ ይወስዱና ቀጭኑ ሩም ላይ ያንጠባጥቡታል። ያን ጊዜ በርሜሉ በሙሉ ነፍስ ይዘራል። እያንዳንዱ በርሜል ደግሞ የደረጃው ምልክት ይደረግበታል። ጋሼ ምልክቱን ወደ ጠመኔ ቀይረውታል፦ ቀጭኑ ባለ አንድ ጭረት፣ ያ የማይጠጣው ባለ አራት።

መጀመሪያ ስሰማ አፌን ከፍቼ ነበር ያዳመጥኳቸው። ሰው የሽታን ክብደት የሚለካበት አገር መኖሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ግጥም ልጽፍበትም ጀምሬ ነበር። ያልገባኝ፣ የጋሼ ጠመኔ በርሜል ላይ የማይቆም መሆኑ ነው።

የሐምሌ ዝናብ ባለ ሁለት ነው፤ የነሐሴው ባለ ሦስት። ከማዶ ያለው ሞባይል ጠጋኝ የሚከፍተው ዘፈን ባለ አንድ ሆኖ «ድምፁ ብቻ ነው ባለ አራት።» የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታክሲ ረዳቶች ባለ ሦስት ናቸው፣ የመሳለሚያዎቹ ግን «ገና እየተብላሉ ነው።» ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሁለት መዳፋቸውን ፈትገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ዝናቡም ዘፈኑም ረዳቱም መዳፋቸው ላይ የፈሰሰ ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። ይግባኝ የለም።

ጎረቤታቸው ሐጂ ጠይብ ከወሎ መጥተው መርካቶ ያረጁ ቅመም ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም አልተረፉም።

«ኮረሪማህ ዘንድሮ ወደ ባለ ሁለት ወርዳለች፣ ሐጂ።»

«የመጠጥህን ጠመኔ ከቅመሜ ላይ አንሳ» ይላሉ ሐጂ። «እኔ በዕድሜዬ ጠብታ አልቀመስኩ፤ አንተ በየቀኑ ጆንያዬን ታሰክርብኛለህ።»

«አንተማ ሳትቀምስም ባለ ሁለት ነህ። ብትቀምስ ማን ይችልህ ነበር?»

ተራዬ የደረሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደውን ግጥም፣ ያውም በቃሌ፣ ያውም ቆሜ አነበብኩላቸው። ጋሼ መዳፋቸውን ፈተጉ፣ አሸተቱ፣ ጠመኔያቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አንዲት መስመር አሰመሩ።

«ባለ አንድ ጭረት።»

«ግጥሙ ነው?»

«ገጣሚው።»

እስቲ ፍረዱኝ። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ አንድ ስንኝ ለማቃናት ስንት ሌሊት አንግቼ፣ ከስኳር ተረፈ ምርት መጨረሻ ልሰለፍ? ሻይ የምታፈላው ልጅ እንኳ ባለ ሁለት ናት። ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ የሚተኛው ውሻ ባለ ሦስት ነው፤ እሱ እንኳ ትንሽ እውነት አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሪ ገፊው ሁሉ «ደህና ዋልክ፣ ባለ አንድ?» ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜውኑ እግሬን መቁረጥ ነበረብኝ። ግን አመተ ሥላሴ አለች።

አመተ ሥላሴ የጋሼ ጓንጉል ልጅ ናት። ጋሼ ጓንጉል የጎጃም በረንዳ ቅቤ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ቀጭን እንጨት ቅቤው ውስጥ ወግተው አውጥተው በማሽተት ብቻ ከየት እንደመጣ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው አባቷ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ከደላላ ጋር ስትከራከር ሰምቻት፣ ያን ዕለት ነው የወደድኳት። እሷም ወደደችኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ነገር ግን «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም» ብላለች። አንድ የአስመጪ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬም ይናፈሳል። ወላጆቼ ክፍለ ሀገር ናቸው። ሽማግሌ የሚሆኑኝ አጎቴ ይስሐቅና ሐጂ ጠይብ ብቻ ሆኑ። ከገበያው ሁሉ ደግሞ ጋሼ ጓንጉል ቃሉን የሚሰሙት ሰው አንድ ነው። ማን እንደሆነ ገምቱ።

ለምኜ ሄድኩ። ጋሼ ጥያቄዬን እንደ ክብር አልተቀበሉትም፤ እንደ ቅመማ ትእዛዝ ተቀበሉት።

«አጎትህ ቀጭን ነው፣ ሰላምታውን እሱ ይክፈት። ሐጂ ባለ ሁለት ነው፣ ጉዳዩን እሱ ያቅርብ። እኔ ባለ አራት ነኝ፤ ለብቻዬ አልቀመስም። ጠብታ ብቻ ነው የምጨምረው።»

«ጠብታ ማለት ስንት ቃል ነው፣ ጋሼ?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር።»

አስማልኳቸው። ማሉ።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ በአጎቴ ሚኒባስ ወደ መሳለሚያ፣ ወደ ጋሼ ጓንጉል ቤት ሄዱ። ጠያቂው ልጅ ሽምግልና ላይ አይገኝም፤ ልማዱ ነው። ስለዚህ እኔ ግሮሰሪዋን እየጠበቅሁ ቀረሁ። ብርጭቆ አጠብኩ። ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ።

መጀመሪያ የተመለሰው አጎቴ ነው፤ ብቻውን።

«ጨረሰህ» አለና ወንበር ላይ ወደቀ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል። ሰላምታው አለቀ፣ ሐጂ ደግሞ ነገሩን እንደ ወርቅ አቀረቡት። ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል አሉ። ጓንጉል ልጁ እንዴት ያለ ነው ብለው ወደዚያ ሰውዬ ዞሩ። ሰውዬው መዳፉን ፈተገ። ‹ባለ አንድ ጭረት ነው› አለ።»

ብርጭቆው ከእጄ አልወደቀም። ቢወድቅ ደስ ባለኝ።

«ከዚያስ?»

«ጓንጉል ምን ማለት ነው አሉ። ሰውዬው ከሸንኮራ አገዳ ጀመረ። ምንድን ነበር የማለልህ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር? ዓረፍተ ነገሩ ባሕር ተሻግሮ ደሴት ገባ። በመጨረሻ ጓንጉል ገባቸው፤ ባይገባቸው ይሻል ነበር። ‹እኛም ቅቤን እንዲሁ ነው የምንለየው፤ ለጋ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ። እንግዲህ ልጃችሁ ለጋ ነው። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ነው፣ ወጥ አይሠራም፤ ቶሎም ይበላሻል› አሉ። መኪናዬ መንገድ ዘግቷል ብለው ከውጭ ጡሩንባ ሲነፉ እንደ መልአክ ድምፅ ነበር የሰማሁት። ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።»

የዚያን ሰዓት ቁጣዬን በምን ልግለጸው? ጠመኔውን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁና ሰባበርኩት። በየግድግዳው ያሰመሩትን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግሁ። ሰው ጠላት ቢኖረው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። እኔ ግን የገዛ ሽማግሌዬ፣ ለምኜና አስምዬ የላክሁት፣ አማቴ ሊሆን ከተቃረበው ሰው ፊት ከሰው ተራ አወጣኝ።

ብዙ ቆይተው ሁለቱ ሽማግሎች እየተጨቃጨቁ በእግራቸው ደረሱ። ጋሼ ግድግዳቸውን አዩ፣ የተሰበረውን ጠመኔ አዩ። ቀጥ ብለው መጥተው ሁለት መዳፋቸውን ፊቴ ዘረጉ።

«አሽት።»

«ጋሼ፣ ዛሬስ ተዉኝ።»

«አሽት አልኩህ።»

አሸተትኩ። በርበሬ አለው። ከበርበሬው ሥር ቅቤ አለ፤ ጣፋጭ፣ ትኩስ፣ ዛሬ የተናጠ የሚመስል። አሁንም አልገባኝም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከሴት ልጅ ቤት እህል እንደማይቀምስ ያስታወስኩት አጎቴ ከወንበሩ ብድግ ሲል ነው።

«በላችሁ?» አለ አጎቴ።

«ጨጨብሳ» አሉ ሐጂ ጠይብ። «በለጋ ቅቤ። ጓንጉል ለጋውን ሲያዝ ሚስቱ አስበህበት ነው ወይ ብለው ቢጠይቁት፣ ‹ልጁን ልቅመሰው እንጂ› አለ።»

ቀሪውን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። አጎቴ ከወጣ በኋላ ጋሼ ኃይለመለኮት እንዲህ አሉ፦ «ጓንጉል፣ ጠርሙሱን የሚሞላው ማን ይመስልሃል? ከባዱ ጠብታ ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ ባለ አንድ ጭረት ነው። ከባዱ ብቻውን ቢቀዳ ሰው ይሸሸዋል፤ ሰው ፊት የሚቀርበው ቀጭኑ ተሸክሞት ነው። ልጅህ ደግሞ ባለ ሦስት ናት። ከሌላ ባለ ሦስት ጋር ካጋባሃት ቡሹን አጥብቀህ ያዝ፤ ጣሪያህን ይወስደዋል።»

«ልጄን መቼ አሸተትካት?» አሉ ጋሼ ጓንጉል።

«ከደላላ ጋር ስትከራከር። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ።»

መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው፤ ከጓዳ። ከዚያ አባትየው።

አመተ ሥላሴ የዚያኑ ዕለት ደወለች። ሁሉንም ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሰምታዋለች።

«ባለ ሦስት ብለውሻል፤ አልተቀየምሽም?» አልኳት።

«ሦስቱስ ይሁን። አራተኛውን ለራሳቸው ማስቀረታቸው ነው ያናደደኝ።»

እኔ ግን አሁንም ተናድጃለሁ። ይመዝገብልኝ፤ ባለ አንድ ጭረት አይደለሁም። ግጥሜም አይደለም። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው፣ አዲስ ጠመኔ ገዝቼም ከሰጠኋቸው በኋላ፣ መዳፋቸውን ፈትገው «ንዴትህ ግን ወደ ሁለት እየሄደ ነው» አሉኝ።

ሰርጉ ቀርቧል። ሰሞኑን አጎቴ ስለ ድንኳኑና ስለ ሙዚቃው ሲያወራ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ሰውዬ ምርቃት ልስጥ ብሏል። ስንት ደቂቃ እንበለው? ማይኩን የሚነጥቅ ሰው ላዘጋጅ?»

ወደ ግሮሰሪዋ ዞር ብዬ አየሁ። መርካቶ በሙሉ ጋሼን በጠብታ ነው የሚወስዳቸው። ሰው ገብቶ አንድ መለኪያ ይጠጣል፣ አንድ ምደባ ይሰማል፣ እየሳቀ ይወጣል። ሲመሽ ጋሼ ወንበሮቹን ጠረጴዛው ላይ የሚገለብጡት ብቻቸውን ነው። ያን ጊዜም መዳፋቸውን ፈትገው ያሸታሉ። ምን እንደሚመድቡ አላውቅም።

«ማንም ማይክ አይነጥቃቸውም» አልኩት አጎቴን። «እስኪበቃቸው ይናገሩ። በርሜሉን ይገልብጡት።»