ብርቱውን አሲድ ለማቅጠን የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 ተብሎ 3፡35
ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ አጠገብ

የተገኙ፦
1. ርዕሰ መምህሩ፣ ሰብሳቢ (የአሲዱ ቁም ሣጥን ቁልፍ በኮታቸው ኪስ)
2. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ አባል
3. የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ፣ ድምፅ የሌላት
4. ጡረተኛው የወላጆች ተወካይ፣ ጸሐፊ። ሠራተኛዋ የልጅ ልጁ ናት፤ ዝምድናው በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም፤ ቢኖርም ትንሽ ነው።

ያልተገኘ፦ የሒሳብ መምህሩ። "እሱ ከመጣ ቶሎ ያልቃል" ተብሎ ስላልተጠራ ምልአተ ጉባኤው እንደ ተሟላ ተቆጠረ።

አጀንዳ 1፦ ስንት አሲድ?
ሠራተኛዋ አርባ ተማሪዎች ለተግባር ፈተና ኮሪደር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ እስከ 4፡30 ካልተጀመረ ፈተናው እንደሚሰረዝና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም ለእሷ እንደሚጻፍ አስረዳች። "የአሲዱ ብርታት 18 ሞላር ነው፤ የምንፈልገው ባለ 1 ሞላር፣ 900 ሚሊ ሊትር። 900ን ለ18 ማካፈል ነው፤ ሃምሳ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ፣ ጋሼ" አለች።
ሰብሳቢው ኮሚቴ ተሰይሞ ሳለ አንድ ሰው ብቻውን ማካፈሉ ሥነ ሥርዓት የጣሰ መሆኑን ገለጹ። ኃላፊው "እኩል በእኩል ይሁን፣ ማንም አይከፋም" ብለው 450 አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሁለቱ አማካይ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ድምፅ ጸደቀ። ቁጥር 18 ድምፅ ስለሌለው አልተቆጠረም።

አጀንዳ 2፦ ማን ወደ ማን ይሂድ?
ሠራተኛዋ ውሃው ቀድሞ አሲዱ ቀስ እያለ እንዲጨመርበት፣ አለበለዚያ ፈልቶ እንደሚረጭ አስጠነቀቀች። ሰብሳቢው "ታላቅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ታናሽ ይሄዳል እንዴ? ውሃው መጥቶ ይሳለመው!" አሉ። ኃላፊውም "ውሃን ምን አስፈራሽ ልጄ፣ ሰው እንኳ ይታጠብበታል" ሲሉ ደገፉ። ጸሐፊው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ቢያስታውስ፣ "አባቴ፣ ከአጀንዳ ወጥተዋል" ተባለ።
ሰብሳቢው ለናሙና ጥቂት አሲድ በብርጭቆ ቀድተው፣ ቁም ሣጥኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ውሃ አፈሰሱበት። አሲዱ አልተሳለመም፤ ኮታቸው ላይ ተፋ። ሠራተኛዋ "ኮትዎን ያውልቁ!" ብላ ጮኸች። ሰብሳቢው "ምንም አልሆንኩም" በማለት ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅለው ስብሰባውን ቀጠሉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እየተረቀቀ ሳለ ከወንበሩ ሥር "ቅጭል" የሚል ድምፅ ተሰማ። የኮቱ ኪስ ተበልቶ ቁልፉ ወድቋል። ሠራተኛዋ በጓንት አነሣችው፤ ድምፅ እንዲሰጥበት አልጠየቀችም። ውሃውን ቀዳች፣ ሃምሳውን በቀጭኑ አንቆረቆረችበት፣ ሲበርድ እስከ 900 መስመር ሞላችው፣ ይዛ ወጣች። በዚህ መሐል ጸሐፊው ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነነጠላ ሰረዙ ያነብ ስለነበር አባላቱ እያንቀላፉ አላዩም። ፈተናው 4፡27 ተጀመረ፤ አባላቱ የነቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ውሳኔ፦ የ250ው ስሌት፣ የውሃው ሰላምታ፣ ደብዳቤውና ስብሰባው ራሱ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ኮቱን ብል እንደ በላው ይመዝገብ።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከጠዋቱ 4፡40 ተበተነ። ጸሐፊው የብሉ ብርታት ምን ያህል እንደሆነ ለመዝገብ ሲባል ጮክ ብሎ ጠየቀ።
"አሥራ ስምንት ሞላር፣ አባባ!" የሚል መልስ ከጎረቤት ክፍል ተሰጠ።